አከራካሪ ዕዳን በቅናሽ ተስማምቶ መዝጋት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነጋዴዎች

በድሬዳዋው ቀፊራም ሆነ በዚያው ባለው ታይዋን ገበያ ያለ ዱቤ የሚሠራ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ዱቤ ባለበት ደግሞ አንድ ቀን ሒሳብ አልገጥም ማለቱ አይቀርም። አንዲት ቸርቻሪ ከጅምላ አከፋፋይ ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት በዱቤ ስትወስድ ቆይታለች እንበል። የአከፋፋዩ መዝገብ 480,000 ብር ቀሪ ያሳያል። እርሷ ግን 60,000 ብር ለመጋዘን ሠራተኛው በእጇ እንደሰጠች፣ 80,000 ብር የሚያወጣ ዘይትም ጀሪካኑ ፈስሶ እንደደረሳት ትናገራለች፤ በእርሷ አቆጣጠር የሚቀርባት 340,000 ብር ብቻ ነው። አከፋፋዩ ገንዘቡን እንዳልተቀበለ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም፤ ሠራተኛው ሥራ ለቅቋል። ነጋዴዋም በእጇ ደረሰኝ የለም። ሁለቱ በ390,000 ብር እንዝጋው ቢባባሉ ማናቸውም ነገ ተመልሶ እንዳይጠይቅ ምን መጻፍ፣ ማን መፈረም፣ ምን መረካከብ እንዳለበት ከዚህ በታች እንመለከታለን።

የነገሩ መሠረት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3307 ላይ ይገኛል። ተከራካሪዎች እያንዳንዳቸው ከያዙት አንዳንድ ነገር በመተው ያለውን ክርክር የሚጨርሱበት ወይም ሊነሣ የሚችለውን የሚያስቀሩበት ስምምነት ራሱን የቻለ ውል ነው። አንቀጽ 3312 ደግሞ እንዲህ ያለው ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚጸና ይደነግጋል። ይህ ጉልበት ግን የሚገኘው ሰነዱ እውነተኛ ክርክር እንደነበረና ሁለቱም ወገኖች የተውት ነገር እንዳለ ካሳየ ነው። «390,000 ብር ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ብቻውን ከ480,000 ብር ላይ ከፊሉ መከፈሉን እንጂ ቀሪው መቅረቱን አያሳይም። አብዛኛው ኋላ የሚነሣ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክርክር በሌለበት ዕዳ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ባለዕዳው የሚፈለግበትን መጠን አምኖ ነገር ግን አቅም አጥቶ ከሆነ፣ አበዳሪው የሚያደርገው ምሕረት ነው፤ አንቀጽ 1825 እንደሚለው ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ነፃ እንዳደረገው ሲያስታውቀውና ባለዕዳውም ወዲያውኑ አልቀበልም ካላለ ዕዳው ይቀራል። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች የቆየው የፍርድ ልማድ ያልተካደ ዕዳ በከፊል ክፍያ አይዘጋም፣ ለቅናሹ በምላሹ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል ይላል፤ በእኛ ሕግ እንዲህ ያለ መስፈርት የለም። ስለዚህ በበይነ መረብ የሚነበቡ የውጭ አገር ምክሮችን እንዳሉ መውሰድ አይገባም። በተለይ በአሜሪካ የተለመደውን ስልት፣ ማለትም ያነሰ ገንዘብ በቼክ ጽፎ በላዩ «ሙሉ ክፍያ» ብሎ መላክንና ተቀባዩ ቼኩን ሲመነዝር ተስማማ ማለትን እዚህ አይሞክሩት። በእኛ ሕግ አንቀጽ 1682 መሠረት ዝምታ መስማማት አይደለም፤ አከፋፋዩ ገንዘቡን እንደ ከፊል ክፍያ ይዞ ቀሪውን ቢጠይቅ መልስ ያጥርዎታል።

ድርድር ከመጀመሩ በፊት ሒሳቡን ማስታረቅ ያስፈልጋል። የሁለቱን ወገን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቶ በየዕቃው ርክክብ ቀን፣ ብዛትና ዋጋ ማመሳከር፣ የባንክ መግለጫ ማውጣት፣ የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን መለየት ነው። በምሳሌአችን 340,000 ብሩ አያከራክርም፤ ሙግቱ ያለው በ140,000 ብሩ ላይ ብቻ ነው። ይህ ሲታወቅ ድርድሩ ከአራት መቶ ሺህ በላይ በሆነ ትልቅ ቁጥር ላይ ሳይሆን በዚያች ልዩነት ላይ ይሆናል፤ ቁጣውም በዚያው ልክ ይበርዳል። የሙግትን ዋጋም ያስሉ። ሕጋዊው ወለድ በአንቀጽ 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ለ480,000 ብር በዓመት 43,200 ብር ይሆናል። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ቢጓተትና አከፋፋዩ ቢረታ ነጋዴዋ ለወለድ ብቻ 86,400 ብር ታወጣለች፤ ዛሬ በ390,000 ብር ከዘጋች የምታተርፈው 90,000 ብር ነው። አከፋፋዩም በበኩሉ ካልረታ ጊዜውንና የጠበቃ አበሉን ያጣል። ሁለቱ እነዚህን ቁጥሮች ፊት ለፊት ካስቀመጡ ሽማግሌ ሳያስፈልጋቸውም ሊግባቡ ይችላሉ።

በድርድር ጊዜ በስልክ የሚጻፈው ነገር ልብ ይባል። «ያለብኝን 480,000 ብር ትንሽ ቀንሱልኝ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ልመና ቢመስልም ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ማመን ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ «በስልክ የተባለ ነው» ማለት አያድንም። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 1851 መሠረት ዕዳን ማመን፣ ወለድ መክፈል ወይም ከፊሉን መስጠት የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ያቋርጠዋል፤ በመደበኛው ደንብ 10 ዓመት የሆነው ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። ስለዚህ «ያለብኝ ከ340,000 ብር አይበልጥም፤ ሆኖም ክርክሩን ለመጨረስ ስል 390,000 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ስምምነት ሳይፈረም «ለመልካም ፈቃድ» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብም ከዚሁ ወገን ነው። እጅዎ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ዋናው የመደራደሪያ ኃይልዎ ስለሆነ ፊርማው ከመኖሩ በፊት አይስጡት።

እዚህ ላይ በብዙ ሱቆች የሚታይ አንድ ልማድ ላንሣ። ዕዳው የመጣው ከዱቤ ሽያጭ ሆኖ ሳለ ሰነዱ ላይ «በብድር ወስጃለሁ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ስለሚመስል ነው። ነገር ግን አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል፤ ብድሩ ስለመመለሱም እንዲሁ። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጀሪካን ዘይት አይገዛም፤ ቁጥሩ ግን አልተነካም። ስለዚህ ነጋዴዋ ዱቤውን «ብድር» ብላ ከፈረመች፣ ለሠራተኛው የሰጠችውን 60,000 ብር በምስክር ለማስረዳት የነበራት ዕድል ይዘጋል። ሰነዱ ዕዳው ከየት እንደመጣ በትክክል ይናገር፤ ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ፣ ኪራይ ከሆነ ኪራይ ይባል።

ፊርማው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በድሬዳዋ በተለይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የድርጅቱ ባለቤት ጅቡቲ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ መጋዘኑን የሚመራው ወንድሙ ወይም ሥራ አስኪያጁ የሆነበት ንግድ ብዙ ነው። በአንቀጽ 2205 መሠረት ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር ክርክርን በስምምነት መጨረስ አይችልም፤ «ሥራዬን ሁሉ እንዲያከናውንልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ስለዚህ የውክልናውን ሰነድ ይጠይቁ፤ «ክርክርን በእርቅ ወይም በስምምነት ለመጨረስ» የሚል ቃል እንዳለበት በዓይንዎ አይተው ቅጂውን ከስምምነቱ ጋር ያያይዙ። ድርጅቱ ማኅበር ከሆነ የሚፈርመው በንግድ ምዝገባው ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው፤ ማኅተም መኖሩ ብቻ ፈራሚውን ባለሥልጣን አያደርገውም።

ባለትዳሮችን በሚመለከት ድሬዳዋና ሐረር ይለያያሉ። በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ መበደርን፣ ማበደርንና ዋስ መሆንን በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ላይ ያቆመዋል። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ትልቅ ገንዘብ ሲተው ወይም ሲከፈል የትዳር ጓደኛን ፊርማ መጨመር የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ በኋላ «ሳላውቅ ነው» የሚል ጥያቄን ግን ያስቀራል።

ብዙ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። በሐረር በአፎቻ (በመረዳጃ ማኅበር) የሚተዋወቁ አባቶች፣ በድሬዳዋ የሰፈርና የገበያ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ከሰዓት ሊያበርዱት ይችላሉ፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም ሲቀመጡ ከሁለቱ የትኛውን ሥራ እንደሰጧቸው ይለዩ። ሽማግሌዎቹ የሚያቀራርቡ ብቻ ከሆኑ የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነው፤ «እናንተ የፈረዳችሁትን እንቀበላለን» ብለው ከፈረሙ ግን የግልግል ዳኞች አደረጓቸው፤ ውሳኔያቸውን አልወደድኩትም ማለት ያኔ ቀላል አይሆንም። ሁለቱም መንገዶች ዛሬ የሚመሩት በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ስለሆነ የንግድ ዕዳ እዚያ አይታይም፤ ይህም ሆኖ የሚከበሩ ሼኽ እንደ ሽማግሌ እንዳይቀመጡ የሚከለክል ነገር የለም።

አሁን ወደ ሰነዱ እንምጣ። መግቢያው ክርክሩን በቁጥር መግለጽ አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ሻጭ ከዱቤ ሽያጭ የመጣ 480,000 (አራት መቶ ሰማንያ ሺህ) ብር ቀሪ ሒሳብ እንዳላቸው ሲገልጹ፣ ገዢ በበኩላቸው 60,000 ብር በእጅ መክፈላቸውንና 80,000 ብር የሚያወጣ ዘይት ተበላሽቶ መረከባቸውን ገልጸው ከ340,000 ብር በላይ ዕዳ እንደሌለባቸው ስለሚከራከሩ፣ ይህንኑ ክርክር በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3307 መሠረት ለመጨረስ ሁለቱም ወገኖች ከጥያቄያቸው ከፊሉን በመተው በ390,000 (ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ) ብር ተስማምተዋል።»

ቀጥሎ አከፋፈሉ ይመጣል፤ ለምሳሌ በፊርማው ዕለት 150,000 ብር፣ ከዚያ በሁለት የተወሰኑ ቀናት 120,000፣ 120,000 ብር፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ጭምር። «በቅርቡ» ወይም «እንደተመቸ» የሚል ቃል አይግባበት። ከዚያ የመተው ቃሉ ይከተላል፦

«ገዢ ክፍያውን ሲያጠናቅቁ ሻጭ ከላይ በተገለጸው የዱቤ ሽያጭ ምክንያት ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱን፣ ወጪውንና ኪሳራውን በሚመለከት ቀሪ ጥያቄ አይኖራቸውም። ገዢም ስለተበላሸው ዘይትና በእጅ ተሰጠ ስለተባለው ገንዘብ ወደፊት ጥያቄ አያቀርቡም።»

ወለዱና ኪሳራው በስም መጠራታቸው አስፈላጊ ነው፤ ሕጉ አንድ ሰው መብቱን ተወ የተባለበትን ቃል በጠባቡ ይተረጉመዋልና ያልተጻፈው አልተተወም ሊባል ይችላል። በዚያው ምክንያት በሁለቱ መካከል ሌላ ሒሳብ ካለ፣ ለምሳሌ የሱቅ ኪራይ፣ በዚህ ስምምነት ውስጥ ይግባ ወይም አይግባ በግልጽ ይነገር።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ገንዘቡ በቀኑ ካልተከፈለ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ስምምነቱ እንደ ፍርድ የቀደመውን ክርክር ስለሚዘጋ፣ የተለየ ቃል ከሌለ አከፋፋዩ የሚጠይቀው የስምምነቱን ቀሪ እንጂ የቀድሞውን 480,000 ብር እንዳልሆነ ነጋዴዋ ልትከራከር ትችላለች። አከፋፋይ ከሆኑ ይህን ይጨምሩ፦ «ከክፍያዎቹ አንዱ ቀኑ ካለፈ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ሻጭ በጽሑፍ አስጠንቅቀው ስምምነቱን ሊያፈርሱና የተከፈለውን ቀንሰው በቀድሞው ጥያቄያቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ።» ባለዕዳ ከሆኑ ደግሞ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ «በዚህ ጊዜ ገዢም ቀድሞ የነበሯቸውን መከራከሪያዎች ሁሉ ያነሣሉ» የሚል ካልገባ አይፈርሙ፤ አለበለዚያ የእርስዎ ክርክር ተዘግቶ የእርሳቸው ብቻ ይከፈታል። በመካከለኛ መንገድ ስምምነቱ ሳይፈርስ የተወሰነ መቀጫ እንዲከፈል መዋዋልም ይቻላል፤ አንቀጽ 1889 ይህን ይፈቅዳል። እኔ ሁለቱ ወገኖች ወደፊትም አብረው የሚነግዱ ከሆነ መቀጫውን፣ የሚለያዩ ከሆነ ማፍረሱን እመርጣለሁ።

ሰነዱን ሁለቱ ወገኖችና ዕድሜያቸው የደረሰ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ፣ በአንቀጽ 1728 መሠረት፣ ሰነድ በሚያረጋግጥ ሹም ወይም ሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፤ በገበያው ውስጥ ይህ የማይታወቅ በመሆኑ ብዙ ወረቀት ከንቱ ይሆናል። ሌሎችም ቢሆኑ ሰነዱን በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት አስመዝግበው ቢያረጋግጡት «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚለውን ክርክር ይዘጋሉ። ለዕዳው ቤት ወይም ሱቅ የሚሰጥ ከሆነ ግን ማስመዝገቡ ምርጫ አይደለም፤ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በአንቀጽ 1723 የተቀመጠውን ፎርም መከተል ግድ ነው። ለዕዳው ዋስ ካለ እርሱም አዲሱን ስምምነት ይፈርም፤ አዲስ ዋስ ከገባም የሚዋስበት ከፍተኛው ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ።

ክስ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ በተሻለ መንገድ መዝጋት ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ባለው መሠረት ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ ተስማምተው ስምምነታቸውን ለችሎቱ ማቅረብ ይችላሉ፤ ችሎቱ መዝግቦ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ባለዕዳው ካልከፈለ ሌላ ክስ ሳያስፈልግ ቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይኬዳል። ከችሎት ውጭ የተፈረመ ስምምነት ግን ባለዕዳው እምቢ ሲል ብዙውን ጊዜ በስምምነቱ ላይ ተመሥርቶ መክሰስን ይጠይቃል። ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የከተማዋ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ በፌዴራል ጉዳዮች በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው የገንዘብ ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ነው። ሐረር ላይ ጉዳዩ ወደ ሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች ይሄዳል።

በዋስትና የተሰጠ ቼክ ካለ ለብቻው ያስቡበት። በዱቤ ንግድ ቀን ያልሞላበት ወይም ወደፊት የተቀጠረ ቼክ ማስያዝ ተለምዷል፤ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። በ390,000 ብር ተስማምታችሁ የ480,000 ብሩ ቼክ በአከፋፋዩ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ምንም አልተዘጋም። የቼኩ ቁጥር በስምምነቱ ላይ ይጠቀስ፤ በመጨረሻው ክፍያ ዕለት ቼኩ እጅ በእጅ ይመለስ። ጉዳዩ ቀድሞ ፖሊስ ጋ ደርሶ ከሆነም «ክሱን አነሣለሁ» በሚል ቃል አይታመኑ፤ ወንጀሉ የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ስለሆነ የሁለት ነጋዴዎች ስምምነት የገንዘቡን ጥያቄ እንጂ የወንጀሉን መዝገብ አይዘጋም።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ሊፈርስ የሚችልበት በር ጠባብ ነው። መብቴ ምን ያህል እንደሆነ ተሳስቼ ነበር ማለት አያፈርሰውም፤ ሁለቱም ባልተረጋገጠ ነገር ላይ አውቀው ነው የተደራደሩት። በማታለል ወይም በኃይል የተገኘ ፊርማ ወይም በሐሰተኛ ሰነድ ላይ የቆመ ስምምነት ግን ሊሻር ይችላል። «ካልከፈልሽ እከስሻለሁ» ማለት በራሱ ማስገደድ አይደለም፤ በአንቀጽ 1708 መሠረት ዛቻው ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ሲሆን ብቻ ነው ውሉን የሚያናጋው። የፈቃድ ጉድለት አለ የሚል ሰው የጉድለቱ ምክንያት በቀረ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት።

ክፍያው በተቻለ መጠን በባንክ ይሁን፤ በምክንያት መስጫው ላይ «በዚህ ቀን በተፈረመው ስምምነት መሠረት ሁለተኛ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ከባንኩ ወረቀት በተጨማሪ በአከፋፋዩ የተፈረመ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ቀሪ ጥያቄ የለኝም» የሚል ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በአከፋፋዩ ደብተር ላይ ያለው የ480,000 ብር መስመርም በፊትዎ ተሰርዞ የስምምነቱ ቀን ተጠቅሶ ይፈረምበት። ስምምነቱን፣ የባንክ ወረቀቶቹን፣ የተመለሰውን ቼክና ደረሰኙን በአንድ አቃፊ አድርገው ቢያንስ ለ10 ዓመት ያስቀምጡ፤ መደበኛው የይርጋ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ወራሽም ቢሆን መጥቶ ሊጠይቅ ይችላል።